ሙሴው የማይምሩት አባል

ባሌ የጦር አውሮፕላን አብራሪ ከሆነ በኋላም የሰቆጣውን የሚካኤል ማኅበር አልተወም። ወር በገባ በዐሥራ ሁለት፣ አባላቱ በየተራ እየደገሱ ጽዋ የሚጠጡበት ማኅበር ነው። እሱ ደብረ ዘይት ስለሆነ በዓመት አንዴ ቢገኝ ነው፤ ተራው ሲደርስ የምደግሰው እኔ ነኝ። መሪያችን፣ ሙሴ የምንላቸው ሽማግሌ፣ በደንብ ጉዳይ አይስቁም። የቀረ አባል ለቤተ ክርስቲያን አንድ ጧፍ ይቀጣል።

አንድ ጊዜ ባሌ ለእረፍት መጥቶ፣ "አባቴ፣ እኔ እኮ ሰማይ ላይ ነው የምውለው፤ የሚካኤል ጎረቤት ነኝ። ጧፉን ይማሩኝ" አላቸው።

"ጎረቤቱ ሆነህ ከበዓሉ መቅረትህማ ይብሳል! ሁለት አምጣ!"

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ሁለት አመጣ።

በምሥራቅ ድንበር ጦርነት ሲነሳ ደብዳቤ ደረሰኝ። "ለግዳጅ ወጥቶ አልተመለሰም፤ ያለበትም አልታወቀም" ይላል። ደጋግሜ ባነበውም ከዚያ ሌላ ቃል አልነበረበትም። አስከሬን የለ፣ መርዶ የለ። ገበያ የሚያገኙኝ ሴቶች "እግዜር ያጥናሽ" ይበሉ ወይስ "እንዴት ነው ባልሽ?" ግራ ገባቸው። አንዷማ ሁለቱንም ብላኝ ሮጠች።

የዚያን ወር ማኅበር ስሄድ የማስበው የስም ጥሪውን ብቻ ነበር። ሙሴው የባሌን ስም ዘለው ካለፉ፣ ሞተ ማለት ነው። ስም መጥራት ጀመሩ። እሱ ጋ ደረሱ።

"ቀርቷል። አንድ ጧፍ።"

አጠገባቸው የተቀመጠው ሰውዬ፣ "ኧረ አይከብድም ወይ?" አላቸው።

"ምኑ ይከብዳል? የሞተ ሰው አይቀጣም፤ ሞተ ያለኝ ደግሞ የለም!"

እያለቀስኩ ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ፈትሉን ራሴ ገመድኩ፣ ሰሙን ራሴ አቀለጥኩ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ የሠራሁት ሥራ የለም።

ሦስት ዓመት እንዲህ ሄደ። "ይሄ ሰው ቤተ ክርስቲያኑን ብቻውን አበራው" እያሉ አባላቱ ያጉረመርሙ ነበር። ተራው ደርሶ ስደግስ ሙሴው ቀምሰው፣ "ጠላው ቀጥኗል፤ ባልሽ መጥቶ ይይልኝ" አሉ።

ከዚያ የተማረኩት ተመለሱ። እሱ ከመካከላቸው አልነበረም። በሌላ አውሮፕላን አብሮት ወጥቶ የተማረከ ጓደኛውም፣ የባሌ አውሮፕላን እሱን እንደያዘ ሲቃጠል በዓይኑ እንዳየ ጻፈልኝ።

በዐሥራ ሁለት ቀን ስም ሳይጠራ ብድግ አልኩ። "አባቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ አይቅጡት።"

ትክ ብለው አዩኝ። "ያልሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ አላልኩም" ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩና ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። የማኅበሩ ቄስ ጸሎት አደረሱ፤ የሦስት ዓመቱን ልቅሶ በአንድ ቤት አለቀስን።

ሲበርድልን ሙሴው ጽዋውን አነሱ። "የሱ ቦታ ባዶ አይቀመጥም። አንቺ ግቢበት" ብለው ጽዋውን ሰጡኝ። በሁለት እጄ ተቀብዬ በአንድ ትንፋሽ ልጨልጠው ስል ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ።

"ቀስ በይ፣ ልጄ" አሉኝ፤ "ገና ብዙ ዓመት ትጠጪዋለሽ።"