ተጎትቶ ያልተፈተነ ስፌት

ልብስ ሰፊዋ ሰፍታ ስትጨርስ መጀመሪያ የምታደርገው መገጣጠሚያውን በሁለት እጇ ይዛ መጎተት ነው። «ያልተጎተተ ስፌት አደባባይ ላይ ያዋርዳል» ትላለች። ደንበኞቿ የሱቅ ልብስ የማይሆናቸው ናቸው፤ ትከሻው የዘመመ፣ ክንዱ የሰለለ። የሁሉንም ንድፍ በኮምፒውተሯ ስላ ታስቀምጣለች።

አንዱ ጀርባው የጎበጠ ሰዓት ሠሪ ነው። ንድፉ ልክ እስኪመጣላት ስንቴ ሰፍታ ስንቴ ፈታለታለች። አሁን አልጋ ይዟል፤ ለብርዱ ካፖርት ቢያዝም ቆሞ መለካት አይችልም። ያ ንድፍ ከጠፋ ጠፋ ማለት ነው።

ኮምፒውተሯ ደግሞ በዚያው ሰሞን ማቃሰት ጀመረ።

«እታለም፣ ይሄ ነገር ነፍሱ ልትወጣ ነው» አለች ልትጠይቃት የመጣችው ታናሽ እህቷ። «ቅጂ አለሽ?»

«ሳይቃጠል በቅጠል ነው የኔ እናት። አንዱ ፍላሽ መሳቢያዬ ውስጥ፣ አንዱ አንቺ ጋ።»

«የኔንማ ከቁልፌ ጋር አንጠልጥዬዋለሁ። ከፍተሽ ታያቸዋለሽ?»

«የመሳቢያዬን በየወሩ ነዋ። አስቸግሮኝ አያውቅም።»

«የት ነው የምትከፍቺው?»

«የት ልክፈተው? እዚሁ ኮምፒውተር ላይ።»

ይህን እንዳለች ሳትጎትተው ያስረከበችው ልብስ ያለ መሰላት። «እስኪ ያንቺን ኮምፒውተር ከቦርሳሽ አውጪው።»

የመሳቢያውን ፍላሽ ሰኩበት። ስሞቹ ተደርድረዋል፤ የሰዓት ሠሪውን ነካችው፣ አልከፈት አለ። ሌላውም እንቢ።

«የፋይሉ ምልክት ጥግ ላይ ያለችው ትንሽ ቀስት ምንድን ናት?» አለች እህቷ።

«ጌጥ ናት ብዬ።»

«ጌጥስ አይደለችም፤ የአቋራጭ ምልክት ናት። አንቺ የገለበጥሽው ልብሱን ሳይሆን ቁም ሣጥኑን የሚጠቁም ጣት ነው። ያንቺ ኮምፒውተር ላይ የሚጠቁመው ነገር አለ፤ እዚህ የለም።»

ነገሩ ገረማት። «ለካ ለዚህ ነው ያን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ የሚገለብጠው። እኔ ደግሞ ፍጥነቱን ስወድለት።»

ዋናዎቹን ፈልገው እንደገና ሲገለብጡ የልብስ ሰፊዋ ኮምፒውተር እያቃሰተ ቆየ። ሲያልቅ ፍላሹን ነቅለው ወደ ሌላው ወሰዱት። ከዚያ በእህትየዋ ኮምፒውተር ላይ የሰዓት ሠሪው ጀርባ፣ የግራ ትከሻው ዝቅ ብሎ፣ መስመር በመስመር ወጣ።

«የኔንም ሙይልኝ» አለች እህቷ ቁልፏን እያወጣች።

«ቁልፍሽን ስንቴ ነው የጣልሽው?»

«ዘንድሮ?»

ተሳሳቁ። የእህትየዋንም ፍላሽ ሞልተው ፈተሹት፤ ቤቷ ቁም ሣጥን ውስጥ እንዲቀመጥ ተስማሙና፣ ሦስተኛውን ቅጂ ኢንተርኔት ላይ አኖሩ። እህቷ ቦርሳዋን አንስታ ልትሄድ ስትል ልብስ ሰፊዋ ክንዷን ያዘቻት።

«ቆይ፣ ስልክሽን አምጪ። የኢንተርኔቱን አልጎተትነውም እኮ።»

ስልኩ ላይ የሰዓት ሠሪው ንድፍ ሲከፈት አይታ፣ የካፖርቱን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።