የወርቅቱ ጋን

ሰበታ ውስጥ ከጅማው መንገድ ዝቅ ብሎ የነበረውን የወርቅቱን ጠላ ቤት የማያውቅ ጠጪ አልነበረም። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ መጀመሪያ ባሏ ሲሞትባት የቀራት አንድ ትልቅ ጋንና አንድ ስለታም ምላስ ነበር፤ ልጆቿን በሁለቱም ታሳድጋለች።

አንድ ዓመት ለጥምቀት የተገደበው ኩሬ ሾልኮ አደረና ጉድ ፈላ። ታቦት ቆሞ፣ ሕዝብ ቆሞ፣ ውሃ የለም! ቅርቡ ቤት የወርቅቱ ነበርና ጎረምሶች ጋኗን ተሸክመው ወሰዱ፤ ከምንጭ ሞሉት፤ ውሃው ተባረከ፤ ሕዝቡም ተረጨ። ጌሾ ጌሾ ይሸት ነበር፤ ማንም ግን አላማረረም።

ጋኑ ሲመለስ ወርቅቱን ጭንቅ ያዛት። የተባረከ ውሃ ባደረበት ዕቃ እንዴት አድርጋ ጠላ ትጥመቅ? ነጠላ አልብሳ ጥግ አቆመችው። ሌላ ጋን የላት፤ ጠጪዎቿ ወደ ጎረቤት ፈለሱ፤ የጎታው እህል ተሟጠጠ።

ሲብስባት ቄስ ጥሩሰው ዘንድ ሄደች።

«አባቴ፣ ጋኑን ለቤተ ክርስቲያን ይውሰዱልኝ። እኔ ቀን ሥራ እገባለሁ።»

ቄሱ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ነቢዩ ዘካርያስ ምን አለ መሰለሽ? በኢየሩሳሌም ያለ ምንቸት ሁሉ ለእግዚአብሔር የተቀደሰ ይሆናል አለ። ምንቸት እኮ ነው ያለው፣ ወጥ የሚሠራበትን! ያንቺ ጋን ምን በወጣው?»

«እና ጠላ ልጥመቅበት?»

«ጥመቂበት እንጂ! ልጆችሽን አብዪበት። ቅድስናው ይለቅ ይሆን ብለሽ ደግሞ አትስጊ፤ እንደ ጌሾው ሽታ ነው፣ ብታጥቢውም አይለቅም።»

ወርቅቱ ቤቷ የደረሰችው በሩጫ ነው ማለት ይቻላል። ጋኑን አጠበች፣ በወይራ አጠነች፣ ጠነሰሰች።

ጠላው የደረሰ ዕለት የሰፈሩ አዛውንት ኦቦ ገርባ ሁሉንም ቀድመው ገቡ። ጋኑ ያለበት ጓዳ ደጃፍ ላይ የወርቅቱን ኮንጎ ጫማ ጎን ለጎን ተቀምጦ አዩና ግራ ገባቸው።

«ያ ወርቅቱ!» ሲሉ ተጣሩ። «እግርሽን አመመሽ እንዴ? ጫማሽን እዚህ ጥለሽው የት ገባሽ?»

ወርቅቱ ጣሳውን ሞልታ በባዶ እግሯ ብቅ አለች። «አልጣልኩትም ኦቦ ገርባ፣ አውልቄው ነው። እዚህ ውስጥ ከእንግዲህ በጫማ አይገባም።»

ኦቦ ገርባ ጣሳውን ሊቀበሉ እጃቸውን ዘረጉ። ከዚያ መለሱትና መጀመሪያ ባርኔጣቸውን አወለቁ።