የተገለበጠው ሽቦ

ድንች ለሁለት በሰነጠቅኩ ቁጥር ያደግኩበት የቢቸና ቤታችንና የአባቴ ጠረጴዛ ትዝ ይለኛል። የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ አባቴ ደግሞ የሳይንስ መምህር። እናቴን ፈትተው ሞጣ ወደ ዘመዶቿ ከሰደዷት ዓመት አልፎ ነበር፤ ስሟ በቤታችን አይነሳም።

አንድ አሮጌ ቴፕ ነበረን። አዳፕተሩ ተበላሽቶ አባቴ ከሌላ ዕቃ የተቆረጠ አገኙለት። ሁለቱም ሽቦዎች ጥቁር ስለሆኑ የትኛው ፖዘቲቭ፣ የትኛው ኔጋቲቭ እንደሆነ አይለይም። ጫፋቸውን ልጠው ግማሽ ድንች ላይ ወጓቸውና አዳፕተሩን ኤሌክትሪክ ላይ ሰኩት። ጥቂት ቆይቶ አንደኛው ሽቦ የገባበት ዙሪያው አረንጓዴ ሆነ። «ፖዘቲቩ ይሄ ነው» አሉኝ። የቴፑን ጀርባ እያሳዩ፣ ፖዘቲቩ ከዳር ኔጋቲቩ ከመሃል እንደሚውል፣ ከተገላበጠ ቴፑ እንደሚቃጠል አስረዱኝ። የድንቹ እርጥብ ሽታ፣ የአባቴ ለስላሳ ድምፅ... እንደዚያን ዕለት ወድጃቸው አላውቅም።

ሽቦዎቹን ከቴፑ ጋር አስረው እንደጨረሱ የአውቶቡስ ረዳት በር አንኳኩቶ ካሴት ሰጠኝ። «ከሞጣ፣ ከእናትሽ ነው።» እናቴ መጻፍ ስለማትችል ድምፅዋን ቀድታ ነው የላከችልኝ። በደስታ ዘለልኩ።

አባቴ ያሰሩትን ፈቱና ሽቦዎቹን አቀያይረው እንደገና አሰሩ።

«በይ ሰኪው።»

«አባባ፣ አረንጓዴው እኮ ከዳር ነው ብለውኛል።»

«ሰኪው ብያለሁ!»

ሰካሁት። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው። አባቴ እየሳቁ፣ «አየሽ የእናትሽን ነገር? የነካችው ሁሉ ይነዳል» አሉኝ። ካሴቱን ጎረቤት ወስጄ ብሰማ እግሬን እንደሚሰብሩት ጨመሩበት። ደብቄ አቆየሁት። እናቴ ዳግም በዓይኔ ሳላያት ሞተች።

የዛሬ ቻርጀር ቢገለብጡትም ይሠራል፤ ልጆቼ ፖዘቲቭ ኔጋቲቭ ስላቸው ይስቁብኛል። ቴፑን ካደግኩ በኋላ አስጠገንኩት። አባቴ አርጅተው፣ ዓይናቸው ጠፍቶ፣ እኔው ቤት ናቸው። አባት ናቸውና አበላቸዋለሁ፣ አጥባቸዋለሁ፤ ይቅር ግን አላልኳቸውም። ማታ ማታ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እናቴን በጆሮ ማዳመጫ እሰማታለሁ።

በቀደም የካሴቱን መዞር ሰምተው፣ «እሷ ናት?» አሉኝ። መልሴን ሳይጠብቁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ስለ እኔ ያለችው ነገር አለ?» ብለው ጠየቁ።

«ስለ አንቱማ ምንም» አልኳቸው። አንገታቸውን ደፉ።

እናቴ ግን ገና ካሴቱ ሲጀምር፣ «መጀመሪያ አባትሽን ሰላም በይልኝ፤ ጉልበታቸውን ሳሚልኝ» ትላለች። እስካሁን አልሳምኩላትም።