በአንድ ዓይን የሣልኩት አጎቴ

አጎቴን ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ግን አልለውም፤ አንጀቴ እንዳረረ ነው።

አንኮበር ላይ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ሲባል እሱ ነው። ሙያውን ያስተማረኝም እሱ ነው፣ አልክድም። ዓይኑ እየደከመ ሲሄድ ግን ብሩሹን እኔ ያዝኩ። ደብረ ብርሃን በተከራየኋት ክፍል አቡጀዲ ወጥሬ እሥላለሁ፤ እሱ ይወስድና በሙጫ ግድግዳ ላይ አስለጥፎ ከግርጌው የራሱን ስም ያስጽፋል። ስንት ዓመት እንዲህ ኖርን!

አምና ለአዲስ ቤተ ክርስቲያን እመቤታችንን ከነልጇ ስሥል፣ "እዚህችኛዋ ላይ እንኳ የእኔ ስም ይጻፍ" አልኩት።

"የሴት ስም? ሕዝቡ ምን ይላል? አርፈሽ ቀለምሽን በጥብጪ!" አለኝ። ይባስ ብሎ፣ ከእመቤታችን እግር ሥር ተንበርክኮ ብሩሽ እንደያዘ እንድሥለው አዘዘኝ። ወይ ድፍረት! ደሜ ፈላ።

በእኛ አሣሣል ጻድቅ ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ያያል። ይሁዳና ሰይጣን ግን በጎን ነው የሚሣሉት፣ በአንድ ዓይን። ይህን የማያውቅ ምእመን የለም። አጎቴን ከነጋቢው ከነጢሙ አሳምሬ ሣልኩት፤ በአንድ ዓይን። ጨርቁን ዳበስ ዳበስ አድርጎ "እሰይ፣ እጅሽን ይባርከው" ብሎ ወሰደው። የለጠፉት የቀን ሠራተኞች ምን ገዷቸው! ለጥፈው፣ ስሙ ገና ሳይጻፍበት በመጋረጃ ሸፈኑት።

የቅዳሴ ቤቱ ዕለት መጋረጃው ሲገለጥ እልልታው ቀለጠ፤ ወዲያው ደግሞ ጉርምርምታ ሆነ። የቤተ ክርስቲያኑ አሠሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ "ይህን የሣለው ማን ነው?" ሲሉ አጎቴ ሊመሰገን መስሎት ብድግ አለ።

"እኔ ነኝ! በገዛ እጄ!"

"ታዲያ ምነው ራስዎን ከይሁዳ ጋር ደመሩት? ሁለተኛው ዓይንዎ የት ሄደ?"

ሕዝቡ በሳቅ አውካካ። አጎቴ ፊቱ አመድ መሰለ። ሴቶች ወደቆምንበት ዞሮ ጣቱን ቀሰረብኝ።

"እኔ አይደለሁም! እሷ ናት የሣለችው! ይቺ ከይሲ!"

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሩ። "እመቤታችንንስ?"

"እሷንም እኔ ነኝ" አልኩ። "ካላመኑኝ እሳቸውን ይጠይቋቸው።"

አጎቴ አንገቱን ደፋ እንጂ አልካደም።

ሰሞኑን ዓይኑን እንድጨምርለት ሽማግሌ ልኮብኛል። ስሜ ሳይጻፍ አልጨምርም ብያለሁ።