ሸሚዝ የምትበላው ግልገል

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ኢክራም ስልኳን አምጥታ ሰጠችኝ። ዲዛይን ተምራለች፤ ለአንድ የልጆች ልብስ ሰፊ ድርጅት ዓርማ እንድትሠራ ታዝዛለች። የሠራቻቸውን ዓርማዎች እያሳየች "አክስቴ፣ አንዱን ምረጪልኝ" አለችኝ። ሁሉም ያምራሉ፤ ግን ከየት አገር እንደመጡ አይታወቅም። "ማንን ፈርተሽ ነው እንዲህ ያሳመርሽው?" ስላት ሳቀች። እኔ የምሬን ነበር።

ነገሩ ከድሮ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከሚሴ፣ ከአስፋልቱ ጀርባ፣ እትዬ ሉባባ ከሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው ልብስ ሰፊ ጋር እሠራ ነበር። ገበያውን ሰልባጅ ሞልቶታል፤ አዲስ የሚባለው የልጅ ልብስ ደግሞ ሁለቴ ሲታጠብ ይተረተራል። እትዬ ሉባባ ጨርቅ መጣል ሐራም ይመስላቸዋል። ከየልብስ ሰፊው ቁርጥራጭ በጆንያ እየለቀሙ ከሸማኔ የጥጥ ጨርቅ ጋር ያጋጥሙታል፤ እጅጌውና ታችኛው ጠርዝ ላይ ሰፊ እጥፋት ይተዋሉ። ልጁ ባደገ ቁጥር እጥፋቱ ይፈታል፤ አንድ ቀሚስ ሦስት ዓመት ይለበስና ለታናሽ ይተላለፋል።

ልብሱ ላይ የሚጠለፈውን መለያ ምልክት ማውጣት የእኔ ሥራ ሆነ። አንድ ቀን ወደ ጨፋ ሮቢት ስሄድ ሚኒባሱ ቆመ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፤ ማሽላው ከሰው ቁመት አልፏል። በመስኮት ሳይ አንዲት የፍየል ግልገል አጥር ላይ የተሰጣ ሸሚዝ እየጎተተች ትበላለች። እሷን በቀይ ክር ጠለፍኳት፤ ጆሮዋን ከየቁርጥራጩ ስለምሠራው አንዷ ሌላዋን አትመስልም። ከሥሯ "እደጊ" ወይም "እደግ"፣ በኦሮምኛም "ጉደዹ" ብዬ ጻፍኩ። እትዬ ሉባባ ሲያዩት ትንፋሽ እስኪያጥራቸው ሳቁ።

በጋውን ሙሉ የሰፋነውን አያ ሰይድ የሚባል፣ ለአዲስ አበባ ሱቆች ልብስ የሚጭን ነጋዴ ሊወስድ መጣ። የፈረንጅ ፊደል የታተመበት የመለያ ጨርቅ በላስቲክ ከረጢት ይዟል።

"ፍየሏ ትውጣና ይህ ይሰፋበት። ከቁርጥራጭ መሠራቱንም አታንሱ፤ ከተሜ አይወድም።"

"አያ ሰይድ፣ ልጅ ሳሉ ፍየል ሸሚዝዎን በልታብዎት አታውቅም?"

"አንቺ ልጅ፣ የማወራው ንግድ ነው።"

"እኔም ንግድ ነው የማወራው። ግልገሏ አትወጣም።"

ካልኩ በኋላ ነው የደነገጥኩት። እትዬ ሉባባ ይህ ካልተሸጠ ቤቱን ዘግተው ደሴ ልጃቸው ጋ እንደሚገቡ ነግረውኝ ነበር። ዞሬ፣ "ልብሱ የእርስዎ ነው፤ ካሉኝ ክሩን እኔው እፈታዋለሁ" አልኳቸው።

እትዬ ሉባባ ላስቲኩን አንስተው ለሰውዬው መለሱለት። "ሰይድ፣ ዕቃህን ያዝ። ልጅቱ ተሳስታ ከሆነ የሰንበቴ ገበያ ይነግረናል፤ ኢንሻአላህ።"

በገበያው ቀን ሰንበቴ ሄድን። ልብሶቹን በሁለት ጋሪዎች መካከል በገመድ ሰቀልናቸው። አቧራው ጉሮሮ ይይዛል፤ ከአጠገባችን አፋሮች ግመል ይሸጣሉ። እስከ እኩለ ቀን ማንም አልጠየቀንም። አንድ የከብት ደላላ፣ "ፍየል ከሆነ የምትሸጪው ተራው ወዲያ ነው" ብሎ አሳቀብን።

ያ ሳቅ እልክ አስያዘኝ። አንድ ቀሚስ አውርጄ ክሩን በጥርሴ በጠስኩና እጥፋቱን ለቀቅኩት። "ዘንድሮ እስከዚህ፤ ለከርሞ እስከዚህ!" ሰው ከበበኝ። አንዲት እናት ትንሽ ልጇን ይዛ ቀረበች። ልጅቷ ጣቷን ግልገሏ አፍ ላይ አድርጋ "ነከሰችኝ" ትላለች፤ ደግማ ታደርጋለች። እናትየዋ ወደ ፊደሉ እየጠቆመች "ማል ጀዸ?" አለችኝ፤ ምን ይላል ማለቷ ነው። ነገርኳት። ቀሚሱን በልጇ ትከሻ ላይ ለካችና "ጉደዹ" ብላ መረቀቻት።

ሁሉም አልተሸጠም። ግማሹን ተሸክመን ተመለስን፤ በሚቀጥለው ገበያ ደግመን ሄድን። አያ ሰይድ ተመልሶ አልመጣም፤ እኛም ሀብታም አልሆንንም። ግን እትዬ ሉባባ ዓይናቸው እስኪደክም ድረስ ቤቱን አልዘጉም፤ ግልገሏም ከአንድም ልብስ ላይ አልወረደችም።

ይህን ታሪክ ስናገር ሰዎች ድፍረቴን ያደንቃሉ። እኔ ወጣት ነበርኩ፤ የሚዘጋ ቤት አልነበረኝም፤ እምቢ ማለት ቀላል ነበር። ላስቲኩን የመለሱት ግን ሁሉንም ሊያጡ የሚችሉት ሴት ናቸው። ዛሬ እሳቸው በነበሩበት ዕድሜ ላይ ነኝ፤ የማጣው ነገርም አለኝ። ቢሆንም አንድ ሰው መጥቶ ከየት እንደሆንሽ ደብቂ ቢለኝ፣ መልሴ ያው ነው።