አስተርጓሚ የሌለበት እትም

ባለፈው ቅዳሜ የወንድሜ የዳንኤል ልጅ ቢኒያም፣ ከዚራ ሰፈር ያለው ቤቴ በረንዳ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ ሲያማርር ሰማሁት። በምናብ የሚጫወቱት ጨዋታ አላቸው። አንዱ ታሪክ ይተርካል፤ ሌሎቹ በታሪኩ ውስጥ ያለ ሰው ሆነው እንዲህ አደርጋለሁ፣ እንዲህ እላለሁ ይላሉ፤ መሳካት አለመሳካቱን የሚጣል ባለ ቁጥር ዳይስ ይለየዋል። የጨዋታው መጽሐፍ አዲስ እትም ወጥቶ ኖሯል።

"አክስቴ፣ አሮጌውን በቅጡ ሳንጫወተው ሕጉን ቀየሩት" አለኝ። "ሌላ ምክንያት የለውም፤ እንደገና እንድንገዛ ነው።"

"ይሆናል" ብዬው ወደ ጓዳ ገባሁ። እኔና አባቱ በዚህችው ከተማ፣ በደርግ ጊዜ፣ ይህንኑ ማድረጋችንን ልጁ አያውቅም።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አባታችን ባቡር ጣቢያ ጸሐፊ ነበር። ጅቡቲ የሚመላለስ አንድ ጓደኛው ለዳንኤል የካርቶን ሳጥን አመጣለት። ውስጡ በፈረንሳይኛ የተጻፈ ቀጭን መጽሐፍና እንደ ከረሜላ ያማሩ፣ ባለ ብዙ ገጽ ዳይሶች ነበሩ። ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ስለተማርኩ መተርጎሙ እኔ ላይ ወደቀ። ወቅቱ ክረምት ነው። ደጋው ዝናብ ሲወርድበት እኛ ዘንድ ነፋሱ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ እያነሳ መስኮቱ ላይ ይበትነዋል። እኔ ዘይቱን እየበላሁ፣ ጭማቂው ገጹ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ግንብና ዘንዶ የሞላበትን ታሪክ ወደ አማርኛ ለማምጣት እታገላለሁ። አልሆነልኝም።

መላውን ያመጣችው ኢፍቱ ናት። ኢፍቱ የክፍል ጓደኛዬ ነበረች፤ እናቷ አዴ ሞሚና ከፊራ ገበያ ሎሚ ይሸጣሉ። ኦሮምኛ ጀምራ በሶማልኛ ታልፍና በአማርኛ ትጨርሳለች፤ የቀየረችበትን ቦታ ራሷም የምታውቀው አይመስለኝም።

"ዘንዶውን ተዪውና ግመል አድርጊው" አለችኝ። "ነጋዴዎች ናቸው። ከባሕር ተነስተው ወደዚህ ይመጣሉ።"

ጨዋታውን "ሲራራ" አልነው። ነጋዴ፣ መንገድ መሪ፣ ዘበኛና አስተርጓሚ አሉበት፤ አስተርጓሚዋ ሁልጊዜ ኢፍቱ ናት። ሽፍታ መንገድ ሲዘጋብን ዳንኤል ወደ ጠመንጃው ይሮጣል። እሷ ግን "ቆይ፣ ላናግረው" ትልና ሽፍታውን የእናቱን አገር ጠይቃ፣ ስለ ከብቱ አንስታ፣ ነገሩን አለዝባ፣ ዳይስ ሳይጣል ታሳልፈናለች። ከቀትር በኋላ ከተማው ሁሉ በሙቀቱ ተኝቶ፣ የግቢያችን ማንጎ ጥላ በረንዳው ላይ ቀስ እያለ ሲሄድ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እሰማታለሁ። የግመሎቹ ቃጭል እውነት ይሰማኝ ነበር። የአሸዋው ሽታም እንደዚያው።

ዳንኤል ከልጅነቱ ነጋዴ ነው። እኔ በካርቦን አራት አራት ቅጂ እጽፋለሁ፣ እሱ ይጠርዝና ለተማሪ ይሸጣል። ዳይስ ስለማይገኝ ገዢው ቁጥር የተጻፈባቸውን ብጣሽ ወረቀቶች ከጣሳ ያወጣል። በሁለት ወር ውስጥ መግዛት የሚፈልግ ሁሉ ገዝቶ ጨረሰ።

"አዲስ እትም እናውጣ" አለኝ ዳንኤል።

"ያለው ምን ሆነ?"

"ምንም አልሆነም። የገዛ ሰው ግን ድጋሚ አይገዛም። ደግሞ ልጆቹ ወሬ በዛበት ይላሉ። ውጊያ እንጨምርበት፣ አስተርጓሚው ይውጣ። ብዙ ገጽ የሚበላው እሱ ነው።"

እምቢ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እውነቱን ለመናገር፣ ስሜ ሽፋኑ ላይ ተጽፎ በየክፍሉ መዞሩን ወድጄው ነበር። "ሁለተኛ እትም፣ ተሻሽሎ የተዘጋጀ" ብዬ ጀመርኩ። ኢፍቱ እየነገረችኝ የጻፍኩትን፣ ሰላምታውን፣ የየአገሩን ልማድ፣ የማግባቢያውን ዘዴ፣ አሥራ አንዱን ገጽ በሙሉ አውጥቼ በምትኩ አንድ መስመር አስገባሁ፦ በመንገዱ ላይ ያለ ሰው ሁሉ አንድ ቋንቋ ይናገራል።

ኢፍቱ መጥታ ቅጂውን ከዳር እስከ ዳር አነበበችው።

"እኔ የት አለሁ?" አለች።

"ዘበኛ ሁኚ። ዘበኛው አሁን ጥሩ ነው" አላት ዳንኤል።

እኔ ወለሉን አየሁ። ያን ቀን ዘበኛ ሆና ተጫወተች። ተራዋ ሲደርስ ዳይሱን ትጥላለች፣ ቃል አትናገርም። የሆነችው ዘበኛ ሲሞት ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ሄደች። ከዚያ በኋላ አልመጣችም።

ሁለተኛው እትም መጀመሪያ ላይ ተሸጠ። ከዚያ ልጆቹ እርስ በርስ እየገለበጡ ይጽፉት ጀመር። ሌላ ትምህርት ቤት ያሉ ደግሞ የራሳቸውን "ሦስተኛ እትም" አወጡ። ዳንኤል ተናደደ። እኔ አልተናደድኩም፤ በረንዳው ጸጥ ማለቱ ነበር የከበደኝ።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ይቅርታ ልጠይቃት በእግሬ ከፊራ ሄድኩ። ገበያው በሙቀት ደንዝዟል፤ ገዢ የለም። ሻጮቹ ጥላ ውስጥ ጆንያ ላይ ጋደም ብለዋል። በመካከላቸው ኢፍቱ ተቀምጣ ትተርካለች። ወረቀት አልያዘችም። እናቷ፣ አንዲት በርበሬ ሻጭና ኸድራ የሚባሉ የግመል ወተት ሻጭ ሲራራ እየተጫወቱ ነው። ጭነታቸውን ይዘው ኬላ ደርሰዋል፤ ኢፍቱ ፈታሹን ሆናለች። እነዚህ ሴቶች እውነተኛውን ኬላ ስንቴ አልፈውታል። ሲመልሱላት የሚሥቁት ሣቅ ጥላውን ሁሉ ሞላው።

"ኮቱ፣ ነይ ተቀመጪ" አሉኝ አዴ ሞሚና።

"ልጫወት?" አልኳት ኢፍቱን።

"እንግዳ ሁኚ" አለች። "ቋንቋ የማታውቅ።"

መሆን አላስፈለገኝም፣ ነበርኩ። እዚሁ ከተማ ተወልጄ አማርኛና የመጽሐፍ ፈረንሳይኛ ብቻ ነው የማውቀው። ጨዋታው በኦሮምኛና በሶማልኛ እየተቀባበለ ቀጠለ። ኸድራ አዘኑልኝና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ፈታሹ፣ ይቺ ልጅ ማን ናት ይላል" አሉኝ።

"አዴ ሞሚናስ ምን አሉ?"

"የእኛ ናት አለች።"

በርበሬ ሻጯ ዕጣ እንድታወጣ የቁጥሩን ጣሳ ብትገፋላትም ኢፍቱ አልነካችውም።

"ኢፍቱ፣ ያንን የአንድ ቋንቋ መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኳት።

"አውቃለሁ። የእጅ ጽሕፈትሽን አጣዋለሁ እንዴ?" አለች። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞራ፣ የፈታሹን ወፍራም ድምፅ አውጥታ፣ በአማርኛ "ትለፍ" አለች።

ከዚያ ወዲያ ቀትር ቀትሩን ከፊራ ዋልኩ። ሎሚ በውኃ እየጠጣሁ፣ በኸድራ አፍ እየሰማሁ፣ ያላየሁትን አገር ሁሉ ዞርኩ። የሰማሁትን አልጻፍኩትም። በዓመቱ ኢፍቱ ጅቡቲ አጎቷ ዘንድ ሄደች፤ ሁለት ደብዳቤ ደረሰኝ፣ ሦስተኛው አልመጣም። ዳንኤል ሁርሶ ጦር ማሠልጠኛ ሠልጥኖ ዘመተ፣ እግዚአብሔር ይመስገን በጤና ተመልሶ ሱቅ ከፈተ።

ቅዳሜ ዕለት ከጓዳ ተመልሼ ይህን ሁሉ ለቢኒያም ነገርኩት። አባቱ እንዲህ ማድረጉ በጣም አሣቀው።

"ታዲያ የትኛው እትም ይሻል ነበር?" አለኝ።

የመጀመሪያው ልለው ነበር፤ ግን እሱም ትክክል አልመሰለኝም። መጽሐፍ አሻሽለው የሚሸጡትን አልወቅስም፤ ሰው በሥራው ይኖራል፣ አሮጌ ነገርም መታደስ አለበት። እኔን ዛሬም የሚቆረቁረኝ፣ ገጹን ስሰርዝ ማንን እየሰረዝኩ እንደሆነ አሳምሬ ማወቄ ነው። ደግነቱ የሰረዝኳት ልጅ በእግሬ ሄጄ የምደርስባት ቦታ ነበረች፤ ስደርስም ቦታ ሰጠችኝ። አሁን የት እንዳለች አላውቅም። በሕይወት ካለች እንደኔው አርጅታለች፤ የሆነ ጥላ ሥር ተቀምጣ፣ የማይግባቡ ሁለት ሰዎችን እያግባባች እንደሆነ አልጠራጠርም።