ኪሴ ውስጥ የከረመው ፍላሽ

ባለፈው ሐሙስ ዳንግላ ካለችው ሱቄ በር ላይ አንዲት አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ቆመች። ባለቤቱ እህል ነጋዴ ነው። ስክሪኑ ገና ቻይንኛ እንደሚያወራ፣ ካርታም ሆነ መዝሙር እንደሌለው፣ ከፋብሪካው ውጭ የመጣ አፕ ሲሰጡት አልቀበልም እንደሚል እየሳቀ ነገረኝ። ገብቼ ቋንቋውን ቀየርኩለት፣ የተቆለፈውን ከፈትኩና መጫን ጀመርኩ። ሁለቱን አፕ እንደጨረስኩ ሰዓቱን አየና፣ «ይበቃል ወንድሜ፣ ምሳህን ብላ። የቀረውን ሌላ ቀን ብቅ እላለሁ፣ አያስቸኩልም» አለኝ።

«አይሆንም፣ ዛሬ ነው የሚያልቀው» አልኩት። ሳላስበው ድምፄ ከረር ብሎ ወጣ መሰለኝ፣ ሰውዬው ወንበሩ ላይ ተመልሶ ቁጭ አለ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ሲሄድ በመስታወቱ ዞር ብሎ ሁለት ጊዜ አየኝ። በዚህ ጠባዬ ጎረቤቶቼም ይስቁብኛል፤ የሰው ሥራ አላሳድርም፣ ምሳዬ ይቀራል እንጂ። ምክንያቱን የነገርኩት ግን ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

ነገሩ ከሆነ አሥር ዓመት ሊሞላው ነው። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ኤሌክትሮኒክስ ተምሬ እንደጨረስኩ ከቢቸና ተነስቼ እንጅባራ አንድ የሞባይል ሱቅ ተቀጠርኩ። አሠሪዬ ጠዋት ከፍቶልኝ ይሄዳል፣ ማታ ሊቆልፍ ይመጣል፤ በመሃል ያለው ቀን የእኔ ነው። ክረምቱ ገባ። የእንጅባራን ክረምት ያላየ ሰው ብርድ አየሁ ባይል ይሻላል። ጉሙ ከቀርቀሃው ውስጥ ተነስቶ እስከ ሱቁ ደፍ ድረስ ይመጣል፣ ባጃጆቹ በቀትር መብራት አብርተው ያልፋሉ። የተከራየሁት ክፍል ቆርቆሮ ስለነበር ዝናቡ ሲጀምር ስልክ ደውሎ ማውራት እንኳ አይቻልም። የሚደወልለትም አልነበረኝም።

ሰዉ ከፍቶብኝ አልነበረም፣ ይህን መናገር አለብኝ። ሱቅ የሚገቡት ገበሬዎች እርስ በርሳቸው በአዊኛ ያወራሉ፣ እኔን ሲያዩ ወዲያው ወደ አማርኛ ይመለሳሉ፣ ጉዳያቸው ሲያልቅ ደግሞ አመስግነውኝ ወደ ቋንቋቸው ይገባሉ። በእኔና በእነሱ መካከል ያለችው አማርኛ ለጉዳይ ብቻ የምትበቃ ነበረች። ስምንት ወር ሙሉ «የሞባይሉ ልጅ» ተባልኩ። አንተነህ የሚለውን ስሜን ከአሠሪዬ በስተቀር የጠራኝ አልነበረም፤ እሱም የሚጠራኝ ሊቆጣኝ ሲፈልግ ነው። ብቸኝነት እንዲህ ያለ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። ምግብ እንኳ ጣዕሙ ይጠፋል።

በሐምሌ መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ፣ ዘንገና ሐይቅ አካባቢ የሚኖሩ ጋሽ ስማቸው የሚባሉ ገበሬ አሮጌ ፒካፕ ነድተው መጡ። በዚያ ዘመን ዲከረንስ የሚሉትን ዛፍ ተክሎ ከሰል የሚያከስል ገበሬ ሁሉ ቤቱ በቆርቆሮ ደምቆ ነበር። ዛፉ በኋላ በበሽታ ተመታ እንጂ፣ ያኔ ስንቱን በሬ ጠማጅ ባለመኪና አድርጎታል። የጋሽ ስማቸው ፒካፕ ከዳሽቦርዱ ጋር አብሮ የተሠራ ትልቅ ስክሪን ነበራት። ጎንበስ ብለው በመስኮቱ እያሳዩኝ፣

«አንተ ልጅ፣ ይህ ነገር የሰው መልክ ያሳያል አሉኝ፤ እውነት ነው?» አሉኝ።

«የምን መልክ?»

«የልጄን። የሺ ዓረብ አገር ናት። እሑድ ስምንት ሰዓት ሲሆን እመቤቷ ትተኛለች፣ ያኔ ትደውላለች። በስልኬ መልኳ ይመጣል፤ እኔ አየዋለሁ። እናትየዋ ግን ዓይኗ ደክሟል፣ ስልኩን ሲሰጧት ጭጋግ ነው የሚታየኝ ትላለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምጿን ብቻ ነው የሰማችው።»

ታዲያ ስክሪኑ እንዴት ትዝ አላቸው? ባለፈው ሳምንት ባለቤታቸውን እትዬ ጥሩወርቅን አጠገባቸው አስቀምጠው መኪናዋን ወደ ኋላ ሲያስኬዱ፣ የኋላው ካሜራ ግቢው ውስጥ የቆመችውን ላም ስክሪኑ ላይ አወጣት። ሴትዮዋ አፍጥጠው አዩና፣ «ቡሬ ናት! ቡሬ ናት እኮ!» ብለው ጮሁ። ጋሽ ስማቸው ይህን ሲነግሩኝ ዓይናቸው ረጠበ። «ላሚቱን የለየች ልጇን አትለይም?» አሉኝ።

አልሳቅሁም። የሚቻል ነገር ነበር። የጋሽ ስማቸውን ስልክ ኔትወርክ ለመኪናው አካፍሎ፣ የቪዲዮ መደወያውን አፕ ስክሪኑ ላይ መጫን ነው። የመኪናው ስክሪን ፊት ለፊት የሚያይ ካሜራ ስለሌለው የሺ እናቷን አታያትም እንጂ እናት ልጇን ታያለች። ይህን ስነግራቸው፣ «የሺ ዓይኗ ደህና ነው፣ በስልኬ ታየናለች፤ የቸገረን የጥሩወርቅ ነው» አሉ።

በማግሥቱ እሑድ፣ እነሱ ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ ቤታቸው ሄድኩ። ቋንቋውን ወደ አማርኛ ማምጣት ባልችል እንኳ ከቻይንኛ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት። ከውጭ የመጣ አፕ እንዲቀበል ፈቀድኩለት። የመዝሙሩ አፕ ገባ። የቪዲዮው ግን አልገባም፤ ስክሪኑ አሮጌ ስለሆነ አዲሱን አፕ አልችልም አለ። የድሮውን ማግኘት አለብኝ አልኳቸው። እስከዚህ ድረስ የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው።

ከዚያ ወደ ቤት አስገቡኝና ገበታ ቀረበ። ከግቢያቸው የተቆፈረ ድንች፣ ልጣጩ በእሳቱ ፈንድቶ፣ ከድልህ ጋር፤ ጎን ለጎን አንድ ዋንጫ እርጎ። እጄን ስታጠብ እትዬ ጥሩወርቅ፣ «ስምህን ማን ብዬ ልጥራህ?» አሉኝ። አንተነህ አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ድንቹን በጨመሩልኝ ቁጥር ስሜን ይጠሩ ነበር። «አንተነህ ብላ፣ አንተነህ ይህችን ጨምር።» እርስ በርሳቸው በአዊኛ ይጀምሩና እኔ እንዳለሁ ትዝ ሲላቸው ከመሃል ወደ አማርኛ ይገባሉ፤ እንደ ሱቁ ግን አልነበረም፣ ለጨዋታ ነበር። የዚያን ቀን ወደ ከተማ ስመለስ መንገዱ ጭቃ መሆኑን ያወቅሁት ክፍሌ ደርሼ ጫማዬን ሳይ ነው።

ሰኞ ዕለት ከአንድ የኢንተርኔት ቤት የድሮውን አፕ አገኘሁት። ፍላሽ ላይ ገልብጬ ኪሴ ከተትኩት። እሑድን በጉጉት ጠበቅሁ። እሑድ ግን፣ መኪናዋ ውስጥ ገብቼ ፍላሹን ከኪሴ ላወጣ እጄን ስሰድ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ይህ ከተጫነ ሥራው አለቀ። ሥራው ካለቀ ነገ ከነገ ወዲያ እኔን ማን ይጠራኛል?

«ተገኘልህ?» አሉኝ ጋሽ ስማቸው በመስኮቱ።

«አልተገኘም። ለሚቀጥለው እሑድ» አልኳቸው።

ያቺ ቃል ስትወጣ እንዴት እንደቀለለች አሁንም ይገርመኛል። እጄን ባዶ ላላደርግ ብዬ የጾምና የበዓል መቁጠሪያ ጫንኩላቸው። በተከታዩ እሑድ ካርታ ጫንኩ፤ የአገሩን መንገድ ሁሉ ለሚያውቁት ለጋሽ ስማቸው ካርታ ምን ያደርግላቸዋል? ቀጥሎ ሬዲዮ። ፍላሹ ግን እዚያው ኪሴ ውስጥ ነው። ፍልሰታ ገብቶ እርጎው በተልባ ተተካ፣ ድንቹ አልቀረም። እኔም አልቀረሁም።

ቤታቸው ጎድጓዳ ቦታ ላይ ስለሆነ ኔትወርክ የለውም። እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ ሦስታችንም በፒካፗ ወደ አስፋልቱ አጠገብ ወዳለው ጉብታ እንወጣና የሺን እንጠብቃለን። ስምንት ሰዓት ላይ ትደውላለች። እትዬ ጥሩወርቅ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ጆሯቸው ላይ ይለጥፉታል፣ ዓይናቸው ግን የሚያየው ጠፍቶ ጥቁር የሆነውን ስክሪን ነው። አንድ ቀን ስልኩን ከጆሯቸው ሳያነሱ ወደኔ ዞር አሉና፣ «አላለቀም ወይ ትልሃለች። ጸጉሬን ተሠርቼ ነበር እኮ፣ ትላለች» አሉኝ። ምን መለስኩ? ቀርቧል አልኩ። አፈርኩ፣ ግን ተናገርኩት።

ያን ሳምንት አልተኛሁም ብል ማጋነን ይሆናል፤ ተኝቻለሁ። ግን ያ ጸጉር ከሐሳቤ አልወጣም። ቆርጬ ተነሳሁ። ስድስተኛው እሑድ ከምሳ በፊት ፍላሹን አውጥቼ ሰካሁት። አሥር ደቂቃ እንኳ አልሞላም፣ ተጫነ። ከምሳ በኋላ ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጥተን ለሙከራ ከራሴ ስልክ ደወልኩ፤ ፊቴ ስክሪኑን ሞልቶ ወጣ። እትዬ ጥሩወርቅ ጠጋ ብለው አዩኝና፣ «አንተነህ፣ ለካ ጥርስህ ፍንጭት ነው!» ብለው በሳቅ ፈረሱ። ስድስት እሑድ ገበታቸው ላይ ስቀርብ መልኬን አላዩትም ነበር።

የሺን መጠበቅ ጀመርን። እትዬ ጥሩወርቅ አዲስ ነጠላ ለብሰዋል። ስምንት ሰዓት ሆነ። ስምንት ተኩል ሆነ። ጋሽ ስማቸው ራሳቸው ደወሉ፤ ስልኳ ዝግ ነው። «እመቤቷ ገና አልተኛች ይሆናል» አሉ። ወደ ጥሊሊ ከተማ የሚሄዱ ሚኒባሶች እየተንጓጉ አለፉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጉሙ ከሐይቁ በኩል መጥቶ መኪናዋን ሸፈናት። እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ስክሪኑ ፊት ተቀምጠው ነበር፣ የሺ ድንገት ብትመጣ ሳይዘጋጁ እንዳታገኛቸው። አሥር ሰዓት ሲሆን ጋሽ ስማቸው ሞተሩን አስነሱ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዲት ዓረብ አገር ያለች የጥሊሊ ልጅ ወሬውን ላከች። የሺን አሠሪዋ ሩቅ ከተማ ለምትኖር ለራሷ እህት አሳልፋ ሰጥታታለች፤ ስልኳንም ቀምተዋታል። ከዚያ በኋላ ድምጿ የተሰማው ዓመት ከስድስት ወር ቆይቶ ነው። በዚያን ጊዜ ውስጥ የእትዬ ጥሩወርቅ ዓይን ጨርሶ ጠፋ። ባሕር ዳር ድረስ ወስደዋቸው ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ የጠፋው አይመለስም አላቸው። የሺ ከዚያች እሑድ በሦስተኛው ዓመት በሰላም ገባች፤ እናቷ ፊቷን በእጃቸው ዳስሰው ተቀበሏት አሉ። አሉ ነው የምለው፣ እኔ አልነበርኩም። ከዚያች እሑድ በኋላ እግሬን ከዚያ ቤት ቆረጥኩ፤ ላጣው ፈርቼ የዋሸሁለትን ገበታ በገዛ እጄ አጣሁት። ዓመት ሳይሞላ እንጅባራንም ለቅቄ ዳንግላ ገባሁ።

የሺ ከተመለሰች በኋላ ጋሽ ስማቸውን ጥሊሊ ገበያ ላይ አገኘኋቸው። ሻይ ቤት ይዤያቸው ገባሁና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ፍላሹን፣ ሰኞውን፣ አራቱን እሑዶች። ሻያቸው እስኪቀዘቅዝ ሰሙኝ።

«አውቅ ነበር» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ሌላ ሌላውን ድንቹ ሳይበስል ትጨርሰዋለህ። ያ ብቻ ወር ፈጀብህ። እኔ ከሰል ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ የሚያመነታ ሰው አይጠፋኝም። ልጁ ቤቱን ወዶታል፣ ሰው የለውም፣ ትንሽ ይቆይ አልኩ። የሺ የት ትሄዳለች ብዬ።» ብርጭቋቸውን አሽከረከሩ። «ይቆይ ያልኩት እኔ ነኝ። ለጥሩወርቅ አልነገርኳት። አንተም እንዳትነግራት። መጥተህ ብላ፣ ሌላ ምን ልበልህ?»

እሺ አልኳቸው። አልሄድኩም።

ዳንግላ አሁን የራሴ ሱቅ አለኝ። ጎረቤቱ ሁሉ በስሜ ይጠራኛል፣ ለክርስትናም ለሠርግም እጠራለሁ። ተጠርቼ እበላለሁ፣ አመሰግናለሁ፣ ቀድሜ እነሳለሁ። የሰው ፍቅር ሲበዛልኝ ሰርቄ የወሰድኩት ይመስለኛል። ለጉዳይ ጥሊሊ ስሄድ ሚኒባሱ ወደ ዘንገና በሚያስገባው መንገድ አጠገብ ያልፋል፤ ያኔ ወደዚያ ላለማየት ስልኬን አውጥቼ እነካካለሁ።

ትናንት ጋሽ ስማቸው ደወሉልኝ። ዕድሜ ድምፃቸውን አቅጥኖታል። ሰላምታ ተለዋወጥን። ከኋላቸው የሴት ድምፅ በአዊኛ ይናገራል። «ጥሩወርቅ ናት» አሉኝ። «ልጁ ከቤታችን የቀረው ያን ቀን የየሺ መልክ ስላልመጣ አፍሮ ነው ትላለች። ጥፋቱ ያንተ እንዳልሆነ ንገረው፣ አንተ የቻልከውን አድርገሃል በለው እያለችኝ ነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ምን ልበላት?» ብለው ጠየቁኝ።